ታች የሌለው ድምፅ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው፣ ጥፋተኛው አንተ ነህ።

ይህን ያስቀደምሁት ሰላምታውን ከጻፍሁ በኋላ ልቤ እንዳይለዝብ ብዬ ነው። አሁን ይከተል። እንዴት ሰነበትህ? ሚስትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል፤ ስለዚህ እንዳልኸው ደውዬ አልነግርህም፣ እጽፍልሃለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሀ ሁ የጀመረች ሴት ጽሕፈት ነውና ታግሰህ አንብበው። እንደ ድሮው ለሰው እየነገርሁ አላስጽፍም።

“ፍላሹን ወደዱት ወይ?” ብለሃል። አልወደድሁትም።

ወንዳወቅ ሚኒባሱን መናኸሪያ ሳያስገባ ደጄ ላይ አቁሞ አስረከበኝ። ከፍላሹ ጋር የላክሃትን ማጫወቻ እንደ ጻፍህልኝ በቀይና በነጩ ገመድ ከገብረ ኢየሱስ ማሽን ጋር አገናኘኋት። ማሽኑን ታውቀዋለህ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቡሬ ላይ ሬዲዮ ሲጠግን ከተጣሉ ሬዲዮዎች አምፖል እየነቀለ የሠራው አምፕሊፋየር ነው። እሱ እንደሚያደርገው አምፖሎቹ እስኪቀሉ፣ መስታወታቸው እስኪሞቅ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ተጫንሁት። የወጣው በጣሳ ውስጥ የሚጮህ ሰው ድምፅ ነው። ገብረ ኢየሱስ እንዲህ ያለ ሬዲዮ ሲያመጡለት ጆሮውን ደቅኖ “ታች የለውም” ይል ነበር። ይኼም ታች የለውም።

ነገሩ እንዳይረሳህ ላስታውስህ። ነሐሴ ላይ ለእናትህ ሙት ዓመት ስትመጣ ቴፑ ቆሞ አገኘኸው። ጎማው አልቆ ነው፣ እውነት ነው። “ካሴቱ እዚህ ከተቀመጠ ሻጋታ ይበላዋል፤ ልውሰደውና በኮምፒዩተር ልገልብጠው፤ ከማሽኑ ጋር አዲስ ነገር እናገጥምለታለን፤ ከድሮው ይበልጣል” አልኸኝ። የእህቴ የሠርክአዲስ ድምፅ ያለበት ካሴት በዓለም ላይ እሱ አንድ ብቻ ነው። በ1972 ዓ.ም. ማንኩሳ ከአባታችን ቤት የተቀዳ። አርባ አራት ዓመት ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። ለሠርግ እንኳ ለምነውኝ አላዋስሁም። አንተ በፌስታል ጠቅልለህ ወሰድኸው። እናቱ ናት፣ ይገባዋል ብዬ ዝም አልሁ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ገብረ ኢየሱስ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ያሰማኝ እንደነበረው ሆኖ፣ በዚያው ማሽን፣ ያንኑ መስማት። ከድሮው ይብለጥ አላልሁህም።

ፍላሹን ለዙለይካ ሰጠኋት። ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጠዋ ወዳጄ ናት። ጣት የምታህል ሬዲዮ አለቻት፣ ፍላሽ ትጎርሳለች። “ለአንቺ ጆሮ ያልሆነ ለእኔ በርበሬ ይሆናል” ብላ ወሰደችው። በርበሬ ገዢ ይስማበት።

ካሴቱን መቼ ነው የምትመልሰው?

አክስትህ አቻምየለሽ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ አቻምየለሽ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤዎን ለባለቤቴ ሳነብላት “ሰላምታውን እንኳ ወረፋ አስይዘው ነው የሰጡህ” ብላ ሳቀች። ጥፋቱን ተቀብያለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጣሳ ያሉት ልክ ነው። የመጀመሪያዋ ፍላሽ ትንሽ ስለነበረች ድምፁን አጥብቤ ነበር የላክሁት። ኤምፒስሪ ይባላል። ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን እየጣለ ነው የሚያጠበው። በስልክ ለሚሰማ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። የጋሼ ገብረ ኢየሱስ ማሽን ግን አይታለልም፤ የጎደለውን ጎደለ ይላል። አሁን ምንም ሳልጥል፣ ከካሴቱ እንደ ወረደ ያለውን በትልቅ ፍላሽ ልኬያለሁ።

ሁለተኛው ጥፋት የማጫወቻዋ ነው። በፍላሹ ላይ ያለው ድምፅ አይደለም፣ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልሰው ነገር ርካሽ ከሆነ ማሽኑ ምንም ቢያምር ከንቱ ነው። ስለዚህ ለዚህ ብቻ የተሠራ ሳጥን ልኬያለሁ፤ ዳክ ይሉታል። ከማሽኑ ትልቅ ትራንስፎርመር አንድ ክንድ ያህል አርቀው ያስቀምጡት። ገመዱን አይጠቅልሉት። የማሽኑንም ሶኬት ከፍሪጅ ጋር አንድ ላይ አይሰኩ።

አንድ ነገር ግን አስቸግሮኛል። ከእናቴ ድምፅ ሥር ጉርምርምታ አለ፤ እየመጣ ይሄዳል። መጀመሪያ የማሽኑ አምፖል ይሆናል ብዬ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማውም ስላለ ማሽኑ ንጹሕ ነው። የቴፑ ጎማ አልቆ ሲፋተግ አብሮ የተቀዳ ይመስለኛል። እሱን ለይቶ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለኝ። ከፈቀዱልኝ ፍላሹን ሰምተው ይመልሱልኝ። ኮምፒዩተሬ ስለሞላ ዋናው ፋይል ያለው እዚያው ላይ ነው። አጽድቼ እልከዋለሁ።

ስለ ቀረው በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ልጅዎ ላቀው


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው፣

እንዴት ሰነበትህ? በኅዳር የጻፍኸው በታኅሣሥ ደረሰኝ። መንገዱ ተዘግቶ ወንዳወቅ ደብረ ማርቆስ ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆሞ ነበር። ሳጥንህን ከወንበሩ ሥር አድርጎ ተኝቶበታል። አመስግነው።

ፍሪጅ የለኝም። ከየት አምጥቼ ነው ሶኬቱን የምለየው?

ዳክ ያልኸውን ዙለይካ አገላብጣ አየችው። “ዳክዬ እንኳ እንቁላል ትጥላለች፣ ይቺ ምን ትጥላለች?” አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ድምፅ ጣለች። ሠርክአዲስ ግጥሙን ልታነሣ ስትል የምትስበው ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማ። ከመደቡ ተነሥታ የምትመጣ መሰለችኝ። ምን ጎደለ ብትለኝ፣ ምንም አልጎደለም። ገብረ ኢየሱስ ቢኖር ቴፑን በገዛ እጁ ከቤት ያወጣው ነበር። ይህን ማለት ለእኔ ቀላል እንዳይመስልህ።

ጉርምርምታ ስላልኸው። ሦስት ጊዜ ጆሮዬን ደቅኜ ሰማሁ፤ ጉርምርምታ የሚባል ነገር አላገኘሁም። ቢሆንም አንተ ተምረሃል። በእኛ ቤት የተማረ ያወቀውን ያልተማረ አይከራከረውም፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ካለ አጥፋው። ፍላሹን ለወንዳወቅ ሰጥቼዋለሁ። ቶሎ መልሰው። ሁለት እሁድ ሰምቼው ሦስተኛውን ያለ እሱ ልውል ነው።

ስለ ካሴቱ ጠይቄህ አልመለስህልኝም። “በሌላ ጊዜ” የምትል መስመር አይቻለሁ። እናትህም የማትወደው ነገር ሲመጣባት “በሌላ ጊዜ” ትል ነበር። ካሴቱ የት ነው?

አቻምየለሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ወንዳወቅ ሊነሣ ስለሆነ በአጭሩ ነው የምጽፈው።

ተሳክቷል! ከሥራ መልስ እየተቀመጥኩ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጉርምርምታውን ለፕሮግራሙ አንድ በአንድ አሳይቼ ከሥሩ ነቅዬዋለሁ። መጀመሪያ ላይ የነበረውንም ኮሽታና የሰው ጫጫታ ቆርጫለሁ። አሁን የእናቴ ድምፅ ብቻውን ነው፤ ትናንት የተቀዳ ይመስላል። ባለቤቴ ሰምታ አለቀሰች። በጋሼ ማሽን ሲሰሙት ምን እንደሚሉ ለመስማት ቸኩያለሁ። ከዚህ በላይ የሚሻሻል ነገር የለውም።

ልጅዎ ላቀው


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ወንዳወቅ “እማማ፣ ሲሰሙት አለቀሱ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብሎኛል” አለኝ። አላለቀስሁም።

ማሽኑን አበራሁ፣ ጠበቅሁ፣ ተጫንሁት። ሠርክአዲስ መጣች። ምላሷ ከላንቃዋ ሲላቀቅ ይሰማል። ነገር ግን ብቻዋን ናት። መጀመሪያ ማሽኑ የተበላሸ መሰለኝ። ስፒከሩን መታ መታ አደረግሁት፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማ እጆቼ ጭኔ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዱ ነበር። ያኔ ገባኝ።

ወፍጮው የት ሄደ?

ግጥሙን በቃልህ ታውቀዋለህ፤

መጁም ድንጋይ ነው፣ ወፍጮውም ድንጋይ፤
እኔ ነኝ ሥጋዋ በመኻል የማልታይ።

ይህን የምትለው እናትህ ናት። የላይኛውን ድንጋይ፣ መጁን፣ ይዤ የምፈጨው እኔ ነኝ።

አንተ የድንጋይ ወፍጮ ሲፈጭ ሰምተህ አታውቅምና ላስረዳህ። አባታችን ሁለት ሴት ልጅ ነበረው። አንዷ ትማር አለ። ታናሺቱ ቡሬ ተላከች፣ ታላቂቱ ከወፍጮው ቀረች። እናትህ ለትንሣኤ ዕረፍት መጥታ ሳለ ገብረ ኢየሱስ ቴፑን ተሸክሞ ከቡሬ መጣ። በሠርግ ላይ ስትዘፍን ሰምቷት ነበርና ሊቀዳት ነው። ቴፑን መደቡ ላይ ከአፏ ፊት አኖረው። ወደ እኔ እንኳ ዞር ሳይል “ወፍጮው ትንሽ ይቁምልን” አለ። ሠርክአዲስም “እታለም፣ አንዴ ተይው በሞቴ” አለችኝ። እናታችን ከደጅ ሰማች።

“ለዘፈን ተብሎ ወፍጮ የሚቆምበት ቤት አይደለም! ነገ የሚጋገረውን ዱቄት ያ ሳጥን ሊያመጣው ነው?”

አላቆምሁም። እናትህ ሳቀች። ያ ሳቅ ከዘፈኑ በፊት ነበረ፤ ጫጫታ ብለህ የቆረጥኸው እሱን ነው። ከዚያ ዘፈኑን በእኔ እጅ ላይ አስኬደችው። መጁን ስገፋ ታነሣለች፣ ስመልሰው ታሳርፋለች። አሁን ያለ ወፍጮው ስትሰማት ምን እንደምትጠብቅ ሳይታወቅ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ የእኔ ቦታ ነው።

እሷ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ገብረ ኢየሱስ በዓመቱ ሽማግሌ ላከ፣ ለእኔ። የዘፈነችው ከቤት ብትኖር ኖሮ ለእኔ ባልላከ ነበር እያልሁ ነው የኖርሁ። እሁድ እሁድ ያን ካሴት ሲከፍት እሷን የሚሰማ መስሎኝ ፊቴን አዙሬ እቀመጥ ነበር። እንግዳ ሲመጣ “የሠርክአዲስ ድምፅ እንዴት ያምራል” ይላል። እኔም “አዎን፣ የእህቴ ካሴት ነው” እላለሁ። እኔ ራሴ በዚያ ካሴት ላይ እንዳለሁ አስቤ አላውቅም። ስታጠፋው ነው ያወቅሁት። ጉርምርምታ ብለህ ከሥሩ የነቀልኸው እኔን ነው።

እናታችን ያላስቆመችውን ወፍጮ አንተ በአርባ አምስት ዓመቱ አቆምኸው።

አዲስ ሳጥን አትላክ። አዲስ ፋይልም አትላክ። ካሴቱን ላክልኝ፣ ጎማ ያለው ቴፕ ከየትም ፈልጌ አጫውተዋለሁ። ካሴቱ ካለ አለ በል፣ ከሌለ የለም በል። ይህ ሦስተኛ ጥያቄዬ ነው።

አቻምየለሽ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ካሴቱ የለም።

ይህን መስከረም ላይ ልነግርዎ ይገባ ነበር። አንዴ እስከ መጨረሻው ገልብጬው ወደ መጀመሪያው ስመልሰው የማጫወቻው ጎማ ክሩን ዋጠው። ሳወጣው ተበጣጠሰ። ቁርጥራጩን በፖስታ አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ቢያንስ ጥሩ ቅጂ በእጄ አለ፣ ድምፁን አሳምሬ ስልክላቸው ካሴቱን ይረሱታል ብዬ አሰብኩ። ሳጥኑንም፣ ገመዱንም፣ ጽዳቱንም ያበዛሁት ለዚህ ነው። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ያ ጥሩ ቅጂም የለም። ያጸዳሁትን ሳስቀምጥ በዚያው ስም በላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የጠፋ ፋይል መልሰው ያወጣሉ የሚባሉ ሰዎች ዘንድ ፍላሹን ይዤ ሄድኩ። ሁለት ቦታ ሞከሩልኝ። አልተገኘም።

እኔ የድንጋይ ወፍጮ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ የማውቀው የኤሌክትሪኩን ነው። እናቴ ስለዚያ ቀን ስታወራን “ቤት ብቻዬን ሳለሁ ጋሼ ገብረ ኢየሱስ መጥቶ ቀዳኝ” ነበር የምትለን። ብቻዋን አልነበረችም ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ይህን የምጽፈው እሷን ለመክሰስ አይደለም፤ እርስዎም አይቀየሟት። ምናልባት ሲነገር እየሰለለ መጥቶ ይሆናል።

አንድ ሐሳብ አለኝ፤ እንዳይቆጡኝ። ማንኩሳ አካባቢ አሁንም በድንጋይ የሚፈጭ ቤት ይኖራል። መጥቼ የወፍጮውን ድምፅ በደንብ ቀድቼ ከእናቴ ድምፅ ሥር ላስገባው እችላለሁ። ጉልበትዎ ከፈቀደ እርስዎ ራስዎ ቢፈጩልኝ ደግሞ ይበልጥ እውነተኛ ይሆናል። ምን ይላሉ?

ይቅርታ ይጠየቅበታል የምለው ቃል አጣሁ።

ላቀው


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው፣

በዚህ ደብዳቤ ሰላምታው ይቀድማል። እንዴት ሰነበትህ? ሚስትህን ሰላም በልልኝ። ልጆችህን ሳምልኝ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ፣ ቢዘገይም። የአሁኑን ትንሣኤ በጸጥታ ነው ያሳለፍሁት። ማሽኑን አላበራሁም።

ወፍጮ ቀድቼ ልደርብ ላልኸኝ መልሴ አይሆንም ነው። የሌላ ሴት ክንድ የእኔን አያክልም። እኔው ልፍጭ ብል የስድሳ ሁለት ዓመት ክንድ የአሥራ ሰባት ዓመቱን አያክልም። አንተ የምትለው ከሞተ ሰው አጠገብ ቆሞ ፎቶ እንደ መነሣት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ባለፈው ቅዳሜ ኮረሪማ ልገዛ ወደ ዙለይካ ሄድሁ። ገና ከሩቅ ስታየኝ “ነይ ነይ፣ ስምሽን ሳነሣ ነው የዋልሁት” አለችኝ።

“ለሐሜት ነው?”

“ለሐሜትማ አንቺ ምን ይወጣሻል፣ ከሳጥን ጋር የምትኖሪ ሴት! ከገበዝ ማርያም የመጡ ባልቴት ነበሩ። በርበሬውን አስመዝነው፣ ኮረሪማውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሰው ከኋላ ይገፋቸዋል፣ አይነቃነቁም። ሬዲዮዋን እየሰሙ ነው። ኋላ ‘ልጄ፣ ይቺ ማናት?’ አሉኝ። ‘የወዳጄ እህት ናት፣ ሞታለች’ አልኋቸው። ‘የምትዘፍነዋን አላልሁሽም፤ ይቺ የምትፈጨዋ ማናት?’ አይሉኝም!”

ዙለይካን ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ሚዛኗን እየጠረገች ነው።

“ወላሂ እንደዚህ ነው ያሉኝ። ‘እጇ እኩል ነው፤ ስትገፋም ስትመልስም አንድ ነው። ጤፍ ነው የያዘችው፣ ዳጉሳ ቢሆን እንዲህ አይልም’ አሉ። ‘ወዳጄ ናት’ አልኋቸው። ‘ዛሬም ትፈጫለች?’ ሲሉኝ ‘ዛሬማ ደብዳቤ ትጽፋለች’ አልኋቸው።”

ጤፍ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ ሰው አያውቅም።

ዙለይካን “ፍላሹን አምጪ” አልኋት። ስትስቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። “አንቺ ሳጥን በሳጥን ስትለዋውጪ እኔ በዚች ጣት በምታህለው ስድስት ወር ሰማሁሽ! ጣሳ ነው ብለሽ የሰጠሽኝን መልሺ ትይኛለሽ? ገልብጪውና ግን መልሺልኝ፣ ደንበኛ ለምዶሻል” አለችኝ። ለምዶሻል ነው ያለችኝ።

እቤት ወስጄ በገብረ ኢየሱስ ማሽን ሰማሁት። ጣሳነቱ እንዳለ ነው፤ ፋይሉ ያው የጠበበው ፋይል ነው፣ ሳጥንህም አላዳነውም። የእናትህ ድምፅ ቀጥኗል። ሳቋ ግን ከፊት አለ። ከሥሩ ደግሞ መጁ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቀጭን ነው፣ ግን አለ። ጥቅምት ላይ ታች የለውም ብዬ የጻፍሁልህ የጎደለውን ስፈልግ ያለውን ሳልሰማ ነው። በርበሬ ልትገዛ የመጣች ሴት ከገበያ ጩኸት መኻል የለየችውን እኔ በቤቴ አልለየሁትም።

ገብረ ኢየሱስ ያን ማሽን የሠራው በተጋባን በአራተኛው ዓመት ነው። “በዚህ ቴፕ ላይኛው ብቻ ነው የሚሰማው፤ ታቹን የሚያወጣ እሠራለሁ” ብሎ ሁለት ክረምት ደከመበት። ያ ካሴት ላይ ታች ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም። መልሱን እንደማውቀው ሆኜ ልኑር ብዬ ወስኛለሁ፤ ሳላውቀው የኖርሁት ይበቃል።

“ቤት ብቻዬን ሳለሁ” በማለቷ አይቀየሟት ብለሃል። ተቀይሜያለሁ። ሰውን የሚቀየሙት ቢሞትም ነው። ደግሞ ናፍቃኛለች። ሁለቱ በአንድ ቤት መኖር ይችላሉ፣ እሷና እኔም ኖረናል።

አሁን ወደ ጥፋቱ። ታኅሣሥ ላይ የጻፍሁልህን ደብዳቤ ካልጣልኸው አውጣው። “ካለ አጥፋው” ይላል። በእኔው እጅ፣ በእኔው ፊደል። አባቴ ያላስተማረኝን ፊደል በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ተምሬ ራሴን አስጠፋሁበት። ስለዚህ የወፍጮውን ጥፋት ለሁለት እንካፈለዋለን። ካሴቱን ሰባት ወር መደበቅህ ግን የብቻህ ነው፤ እሱን አልካፈልህም።

የተበጣጠሰውን ክር አትጣለው። ወንዳወቅ ሲመጣ ከነፖስታው ላክልኝ። የማይሰማም ቢሆን የእኔ ነው።

የዙለይካን ፍላሽ ገበያው ውስጥ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሦስት ቦታ አስገለበጥሁት። አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ለልጆችህ አሰማቸው። አታጥብበው፣ አታስፋው፣ አታጽዳው። ሲጠይቁህ የምትዘፍነው አያታችሁ ሠርክአዲስ ናት፣ የምትፈጨው ታላቅ እህቷ አቻምየለሽ ናት በላቸው። እንደዚያ ብለህ ስትነግራቸው ሚስትህም ትስማ።

ሳጥንህን አልመልስም፤ ለሌላ ዘፈን ይሆነኛል። እሁድ እሁድ ግን ማሽኑ እስኪሞቅ ጠብቄ ይህንኑ ጣሳ እሰማለሁ። እንግዳ ቢመጣም እከፍትለታለሁ፣ ፊቴንም አላዞርም። የማን ነው ብሎ ቢጠይቀኝ ከእንግዲህ የእህቴ ካሴት ነው አልልም።

አቻምየለሽ